ሳይመቱት ያመነ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጼ ላይ ስለ ሐሰተኛ የእምነት ቃል ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «ቆይ ግን፣ ካልመቱት በቀር ሰው እንዴት ያላደረገውን አደረግኩ ይላል? እኔ ብሆን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልልም።» አንዷማ «የራሱ ሞኝነት ነው» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው። ኮመንት ላይ መመለስ ጀመርኩና ረዘመብኝ። ስለዚህ ይኸው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። በተለይ እዚህ አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ለማታውቁኝ፣ እዚህ ዲሲ አካባቢ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። በሥራ ላይ የሰማሁትን የማንንም ሰው ጉዳይ አልጽፍም፤ የማልኩበት ሙያ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ታሪኮች በሙሉ አደባባይ የወጡ ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄው እንዲህ የሚጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእኛ «ምርመራ» ሲባል ሐሳባችን ቀጥ ብሎ ማዕከላዊ ነው የሚገባው። ጨለማ ክፍል፣ ዱላ፣ የውስጥ እግር ግርፋት። ተገርፎ ያመነ ሰው እናውቃለን፣ ወይም የሚያውቅ ሰው እናውቃለን። በእሱ ላይ ማንም አይፈርድም። ሕጋችንም ቢሆን በወረቀት ደረጃ አይታማም። በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 31 ፖሊስ ቃል ሲቀበል ማስፈራራትን ብቻ ሳይሆን ማባበልንና ተስፋ መስጠትንም ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ አይሆንም ይላል። ያቺን «ተስፋ መስጠት» የምትለዋን ግን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ሰውን ያላደረገውን ለማስባል ዱላ የግድ አይደለም።

በጣም የታወቀውን ላንሳ። ኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1989 ማታ። ለሩጫ የወጣች የ28 ዓመት ሴት ተደፍራ፣ ተደብድባ፣ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ተገኘች። በዚያው ምሽት ከ30 በላይ ልጆች ፓርኩ ውስጥ በቡድን ሲዞሩ ነበር፣ አንዳንዶቹም መንገደኛ ደብድበዋል። ፖሊስ ከእነሱ መሐል የያዘውን ያዘ። በመጨረሻ አምስት ልጆች ላይ ተጣበቀ። ኬቨን ሪቻርድሰንና ሬይመንድ ሳንታና 14፣ አንትሮን ማክሬይና ዩሱፍ ሰላም 15፣ ኮሪ ዋይዝ 16 ዓመታቸው ነበር። ኮሪማ ፖሊስ ይዞት በመጣው ስም ዝርዝር ውስጥም አልነበረም። ጓደኛውን ዩሱፍን ብቻውን ላለመተው ብሎ አብሮ የሄደ ልጅ ነው። ወደ ቤቱ የተመለሰው ከሁሉም መጨረሻ ነው፣ ከ13 ዓመት ገደማ በኋላ።

ልጆቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከ14 እስከ 30 ሰዓት በፖሊስ እጅ ሆነው ሲጠየቁ ቆዩ። አንዳንዶቹ በጥፊ ተመትተናል ብለዋል፣ ፖሊሶቹ ክደዋል። ዋናውን ሥራ የሠራው ግን ጥፊው አይመስለኝም። ልጆቹ በኋላ እንደተናገሩት በየክፍሉ የተባሉት ነገር ተመሳሳይ ነው። ጓደኞችህ አንተን ጠቁመዋል፣ አንተ ዋናው እንዳልሆንክ እናውቃለን፣ ያየኸውን ብቻ ንገረንና ትሄዳለህ። እነ ኬቨን እኮ እነ አንትሮንን ከዚያ በፊት በቅጡ አያውቋቸውም። የማያውቀውን ልጅ ስም ሰጡት፣ እሱም ያንን ስም ጠራ።

ልብ በሉልኝ፣ ከአምስቱ አንዱም «እኔ ደፈርኳት» አላለም። ሁሉም ያሉት «እኔ ያዝኩ፣ እኔ ቆሜ አየሁ፣ ያደረጉት እነሱ ናቸው» ነው። ምስክር የሆኑ መስሏቸው ነበር። በሕግ ግን የያዘም፣ ያገዘም ተባባሪ ነው፣ ተባባሪም ወንጀለኛ ነው። ይህንን 14 ዓመት የሆነው ልጅ በምን ያውቀዋል?

ይህንን ባነበብኩ ቁጥር አፈርሳታ ትዝ ይለኛል። አውጫጭኝ የሚሉትም አሉ። ድሮ አገር ቤት ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ የአገሬው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ዘዴው የራሱ ጥበብ ነበረው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃልና። ግን አስቡት፣ ሰብሉ ደርሷል፣ ከብቱ ውሃ ይፈልጋል፣ ቀኑ እየሄደ ነው። በስተመጨረሻ ስም ይወጣል። የወጣው የጥፋተኛው ስም ይሁን የአቅመ ደካማው፣ በሁለቱም ሰው ወደ ቤቱ ይበተናል።

ወደ ኒውዮርክ ልመለስ። አራቱ ካሜራ ፊት ቃላቸውን ሰጡ። ዩሱፍ አልፈረመም፣ አልተቀረጸም፣ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ካሜራው የተከፈተው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ጁሪው ያየው ተቀምጦ የሚናገር ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ረጅም ሌሊት የቀዳ የለም። ቃላቸውን ጎን ለጎን ስታስቀምጡት የት እንደሆነ አይስማማም፣ በምን እንደተመታች አይስማማም፣ ምን ለብሳ እንደነበር አይስማማም። ዲኤንኤው ከአምስቱ ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመም፣ ይህም ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት ታውቋል። ምን ዋጋ አለው፣ «አምነዋል» ተባለ። በ1990 ተፈረደባቸው፣ አራቱ ከስድስት እስከ ሰባት ዓመት ታሰሩ።

በ2002 በሌላ ወንጀል እስር ቤት የነበረ ማቲያስ ሬየስ የሚባል ሰው «ብቻዬን ነበርኩ» ብሎ ተናገረ። ዲኤንኤው የእሱ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የአምስቱም ፍርድ ተሰረዘ፣ በ2014 ከተማው 41 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ዩሱፍ ሰላም በ2023 የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ።

«ይሄ የአንድ ክፉ መርማሪ ሥራ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። ትምህርት ነው፣ መጽሐፍ አለው፣ ስልጠና አለው። ጆን ሪድ የሚባል የቺካጎ የቀድሞ ፖሊስና የፖሊግራፍ ባለሙያ ከፍሬድ ኢንባው ጋር ሆኖ በ1962 አንድ የምርመራ መጽሐፍ አወጣ፣ ዘዴውም በስሙ ይጠራል። በአሜሪካ ስንቱ መርማሪ በዚህ መንገድ ሰልጥኗል። መጀመሪያ ተጠርጣሪውን ያዋራዋል፣ ሁኔታውን አይቶ «ይዋሻል» ወይም «አይዋሽም» ይላል። «ይዋሻል» ካለ ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ አይደለም። መርማሪው ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ሆኖ ይከስሰዋል፤ ተጠርጣሪው «አይ እኔ…» ሲል ያቋርጠዋል፣ እንዲክድ ፋታ አይሰጠውም፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰበብ ያቀብለዋል። ሰክረህ ነው፣ እሷ ናት ያናደደችህ፣ ማንም በአንተ ቦታ ቢሆን ያደርገው ነበር። በመጨረሻ ሁለት ምርጫ። አቅደህበት ነው ወይስ በድንገት የመጣ?

ይህቺን እናቶቻችንም ያውቋታል። «ስኳሩን የቃምከው ርቦህ ነው ወይስ ጠግበህ?» ርቦኝ ነው ያልክ ዕለት አለቀልህ። ልዩነቱ፣ እናትህ ዘንድ ቅጣቱ ቁንጥጫ ነው።

አሁን አንቀጽ 31 ላይ «ያዙልኝ» ያልኳችሁን አምጡት። መርማሪው «ካመንክ ትለቀቃለህ» ብሎ በአፉ አይልም፣ ካለ ዳኛው ሊጥለው ይችላል። ግን «ድንገት ከሆነ ሌላ ነገር ነው» ሲልህ አንተ የምትሰማው «ቀላል ነው፣ ትሄዳለህ» የሚለውን ነው። ተስፋው ሳይነገር ይደርሳል። በዚያ ሰዓት አእምሮ የሚያሰላው ሂሳብ አጭር ነው። ይሄ ክፍል አሁን አለ፣ እስር ቤቱ ሩቅ ነው። ከዚህ ልውጣና ነገ በቀን ብርሃን አስረዳለሁ፣ አላደረግኩትማ! ይላል።

ሪድ ራሱ ስሙን ካተረፈባቸው ጉዳዮች አንዱ የዳሬል ፓርከር ነው። በ1955 ነብራስካ ውስጥ ሚስቱ ቤቷ ውስጥ ተገድላ ያገኘ ወጣት። ሪድ ከቺካጎ መጥቶ ለሰዓታት ጠየቀው፣ አመነ። በማግስቱ «አይደለሁም» አለ፣ የሰማው የለም፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ዓመታት ካለፉ በኋላ ዊስሊ ፒሪ የሚባል በሌላ ግድያ የተፈረደበት ሰው ለጠበቆቹ ገዳዩ እሱ እንደሆነ ነግሯቸው እንደነበር፣ እሱ ከሞተ በኋላ ወጣ። ነብራስካ ግዛት በ2012 ፓርከር ንጹሕ መሆኑን አምኖ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። ሰውየው በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ነው። ሚስቱን ቀብሮ ሐዘኑን ሳይጨርስ ነበር የተጠየቀው።

መዋሸትስ? እዚህ አገር መርማሪ ስለ ማስረጃ መዋሸት ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1969 ፍሬዚየር በሚባል ሰው ጉዳይ ላይ ነው የወሰነው። የአክስቱ ልጅ እንዳመነበት በውሸት ተነግሮት ቃሉን ሰጠ፣ ፍርድ ቤቱም ያ ብቻውን ቃሉን አያስጥለውም አለ። ዩሱፍ ሰላምም የጣት አሻራህ ልብሷ ላይ ሊገኝ ይችላል የሚል ዓይነት ማስፈራሪያ ነው የቀረበለት። አሻራ የሚባል ነገር አልነበረም። ለጥፋተኛው ይህ ዓይነቱ ውሸት «ተያዝኩ» ነው። ለንጹሑ ግን የባሰ ነው። ወይ ዓለም አብዳለች፣ ወይ እኔ አብጃለሁ።

እዚህ ጋ የእኛ ቋንቋ እንግሊዝኛ የሌለውን ነገር ይሰጠናል። በአማርኛ «አመነ» ማለት «አዎ አደረግኩ አለ» ማለት ነው፤ «አመነ» ማለት «እውነት ነው ብሎ ተቀበለ» ማለትም ነው። ፍርድ ቤትም «የእምነት ክህደት ቃል» ይላል። ሁለቱ «አመነ» ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። የሴንትራል ፓርክ ልጆች በአፋቸው አመኑ፣ በልባቸው አላመኑም። ግን ሁለቱም የሚሆኑበት ሰው አለ።

ጊስሊ ጉድዮንሰን የሚባል የአይስላንድ ተወላጅ፣ በኋላ በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ ከታወቁት የሥነ ልቦና ሊቃውንት አንዱ የሆነ፣ ወጣት ሳለ ሬይክያቪክ ውስጥ መርማሪ ፖሊስ ነበር። በ1975 አንድ መጠጥ የሚያበዛ ሰው ይቀርብለታል። ከአንዲት ሴት ጋር ሲጠጣ አምሽቶ ነበር፣ ሴትየዋ ቦርሳዬን ሰረቀኝ ትላለች። ሰውየው አላስታውስም ይላል፣ ግን እሷ ካለች እኔ ሳልሆን አልቀርም ብሎ ያምናል። ይጸጸታልም። ከዚያ ቦርሳው ተገኘ። ሴትየዋ የሆነ ቦታ አስቀምጣው ረስታው ነው። የተሰረቀ ነገር የለም! ማንም አልመታውም፣ ማንም አልጮኸበትም። መርማሪው ጨዋ ወጣት ነበር። ሰውየው የራሱን ትዝታ ከማመን ሌላ ሰው ያለውን ማመን ቀለለው። ጉድዮንሰን ሕይወቱን ሙሉ ያጠናው ይህንን ነው።

አሜሪካዊው ሳውል ካሲን ደግሞ በ1996 ከኬቸል ጋር ሆኖ በተማሪዎች ላይ ሞከረው። 75 ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ ፊደል እንዲመቱ ተደረገ፣ አንዲት ቁልፍ ግን እንዳትነኩ፣ ከነካችሁ ይበላሻል ተባሉ። ኮምፒውተሩ ሆን ተብሎ ቀጥ አለ፣ «ነካህ» ተባሉ። የነካ የለም። 69 በመቶው «ነክቻለሁ» ብለው ፈረሙ። 28 በመቶው ከክፍሉ ወጥተው ለሌላ ሰው ሲያወሩም «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አሉ። ነካህ ብሎ የሚመሰክር ሰው ሲጨመርበት ቁጥሩ ጨመረ። እርግጥ ኮምፒውተር ማበላሸት ነፍስ ማጥፋት አይደለም። ግን ሰዓቱም ደቂቃዎች ነው፣ 30 ሰዓት አይደለም።

በዲኤንኤ ነጻ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ 375 አሜሪካውያን ውስጥ 29 በመቶው ያላደረጉትን ያመኑ ናቸው። ሞኞች ናቸው እንበል? የእኔ መልስ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውን ወደዚያ ክፍል ገፍቶ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ንጽሕናው ራሱ ነው። ካሲን በ2004 ባሳተመው ሌላ ሙከራ፣ መብታችሁን ተዋችሁ ትናገራላችሁ ወይስ ዝም ትላላችሁ ተብለው ሲጠየቁ ከንጹሐኑ 81 በመቶ ተናገሩ፣ ከጥፋተኞቹ ግን 36 በመቶ ብቻ። ሌባው ጠበቃ ይጠራል። ንጹሑ «ምን አለብኝ፣ የሠራሁት የለም፣ እውነቱን ተናግሬ እሄዳለሁ» ይላል። እኛ ልጆቻችንን የምናሳድገው በየትኛው ነው?

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ፤ ሥራዬ ነውና ስለ ቋንቋ ላውራ።

አንደኛው ዓይን ነው። ውሸታም ዓይን ለዓይን አያይም የሚል እምነት ፖሊሱ ዘንድም፣ ሕዝቡ ዘንድም አለ። እኛ ደግሞ በትልቅ ሰው ፊት ዓይን አፍጥጦ ማየት ብልግና ነው ተብለን ያደግን ነን። አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ቀስ ብሎ የሚመልስ ልጅ ለእኛ ጨዋ ነው። ለዚያ ክፍል ግን ጥፋተኛ ነው። ለነገሩ ሰው ውሸትን በማየት የሚለየው ስንት ጊዜ እንደሆነ ተጠንቷል፣ በአማካይ 54 በመቶ ነው። ሳንቲም ወርውራችሁ ብትገምቱ 50 ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው «እሺ» ነው። በአማርኛ «እሺ» እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል፣ ከአንተ ጋር አልከራከርም፣ እንዳልክ ይሁን… ሁሉንም ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት ያቺ አጭር «አዎ»ም እንዲሁ። ወረቀት ላይ ስትወርድ ግን «የስ» ትሆናለች። መርማሪው «አንተ ገፋሃት፣ እሺ? ከዚያ ወደቀች፣ እሺ?» ሲል የእኛ ሰው በየመሐሉ «እሺ፣ እሺ» ይላል። አንድ ገጽ ሙሉ የእምነት ቃል ሆነ።

ሦስተኛው «ይቅርታ»ና «አጥፍቻለሁ»። ሽማግሌ ፊት ቀድሞ «አጥፍቻለሁ» ያለ ሰው የተመሰገነ ነው፣ ማን እንደጀመረው ኋላ ይጣራል፣ ወይም ጭራሽ አይጣራም። ፖሊስ ጣቢያ ሽማግሌ የለም። ደግሞ «እኔን!» የምንለው አለ። ሰው ተጎዳ ሲባል «እኔን! ምነው እኔን ባደረገው!» እንላለን። ይህንን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ገልብጡትና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አማርኛ ትንሽ ትንሽ የሚችል ፖሊስ ወይም ያልሰለጠነ አስተርጓሚ ምን ብሎ እንደሚያቀብለው አስቡ።

አራተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ ጠበቃ መጠየቅ ነው። በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የባሕር ኃይል ባልደረባ ጉዳይ ላይ ወሰነ። ሰውየው ምርመራው መሐል ላይ «ምናልባት ጠበቃ ባነጋግር ሳይሻል አይቀርም» የሚል ነገር ተናገረ። ፍርድ ቤቱ «ምናልባት» ግልጽ ጥያቄ አይደለም፣ ፖሊስ መጠየቁን የማቆም ግዴታ የለበትም አለ። እናንተው ፍረዱ፤ እኛ ውሃ ስንጠይቅ እንኳ «ካላስቸገርኩ» የምንል ሰዎች ነን። «ጠበቃ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር» ያለ አበሻ በእሱ ቤት በጣም ግልጽ አድርጎ ተናግሯል።

ዝምታም አያድንም። «ዝም አልበቃም ወይ?» ካላችሁ፣ በ2010 ቶምፕኪንስ በሚባል ሰው ጉዳይ ዝም የማለት መብቴን እጠቀማለሁ ብለህ ካልተናገርክ ዝም ማለትህ ብቻ አይበቃም ተባለ። ሰውየው ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ እምብዛም ሳይናገር ተቀምጦ ነበር። በመጨረሻ መርማሪው በእግዚአብሔር ታምናለህ? አለው፣ አዎ። ትጸልያለህ? አዎ። ያንን ልጅ በመምታትህ ይቅር እንዲልህ ትጸልያለህ? አዎ። ያቺ የመጨረሻዋ «አዎ» ማስረጃ ሆና ቀረበችበት። ሰውየው ያድርገው አያድርገው የእኔ ጉዳይ አይደለም። እኔን ያስደነገጠኝ ጥያቄው ነው። ከመካከላችን «ይቅር እንዲለኝ አልጸልይም» የሚል ማነው? ጾም ሲገባ ያላደረግነውንም ጨምረን ይቅር በለን የምንል ሕዝብ!

ሌላ መንገድ የለም ወይ ለምትሉ፣ አለ። እንግሊዝ በ1974 በበርሚንግሃም ቦምብ ሳቢያ ስድስት ሰዎችን አሰረች፣ አራቱ አምነው ፈርመው ነበር፤ በ1991 ከ16 ዓመት በኋላ ነጻ ናችሁ ተብለው ወጡ። አገሪቱ ከእንዲህ ዓይነቱ ውርደት ተምራ በ1984 በወጣ ሕግ ምርመራ በቴፕ እንዲቀዳ አደረገች፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ፖሊሶቿን ለማሳመን ሳይሆን መረጃ ለመሰብሰብ ብቻ እንዲጠይቁ ታሰለጥናለች። ስለ ማስረጃ መዋሸት አይፈቀድም። ወንጀለኛ መያዟንም አላቆመችም።

አሁን ለወላጆች። ዩሱፍ ለምን አልተቀረጸም ብዬ ነበር። እናቱ ሻሮን ሰላም ጣቢያ ድረስ መጥታ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ መጠየቁን አቁሙ አለች። ቆመ። በእርግጥ ከመታሰር አላዳነችውም፣ አንድ መርማሪ በቃል ነገረኝ ባለው ተፈረደበት። ግን የእሱ ፊርማ የለም፣ የእሱ ቪዲዮ የለም።

የአንትሮን አባትም እዚያው ነበር። መጀመሪያ ልጁን እውነቱን ተናገር ይለው ነበር። ከዚያ ፖሊሶቹ አባትየውን ለብቻው ወስደው አነጋገሩት። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አንትሮን ራሱ በኬን በርንስ ዘጋቢ ፊልምም በኋላም እንደተናገረው፣ የሚፈልጉትን ንገራቸውና ወደ ቤት እንሂድ አለው። ልጁም የአባቱን ቃል ሰማ። አባትየው ሞቷል። አንትሮን ትልቅ ሰው ሆኖ፣ የራሱን ልጆች ወልዶም፣ ይህንን ይቅር ማለት እንደከበደው በአደባባይ ተናግሯል።

ይህንን አባት ክፉ ሰው ነው ማለት አልችልም። የ15 ዓመት ልጅ አለኝ። አገሩን፣ ሕጉን የማያውቅ፣ ነገ ሥራ የሚገባ፣ ፖሊስ ፊት ሲቆም ጉልበቱ የሚከዳው ስንት የእኛ አባት እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ «ልጄ፣ አትከራከራቸው፣ ያሉህን በልና እንሂድ» እንደሚል አውቃለሁ። ከፍቅር ነው የሚለው። እኛ ቤት «ለመንግሥት ሰው እሺ በል» ጥበብ ነው፣ ብዙ ሰው ከሞት አድኗል። እዚህ ግን ተቃራኒውን ይሠራል።

ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በግዛታችሁ ሕግ በቁጥጥር ሥር ያለ ልጅ ከጠበቃ ጋር ሳይመካከር ፖሊስ እንዳይጠይቀው ተደንግጓል። ሌላ ግዛት ያላችሁ የየራሳችሁን ጠይቁ፣ አንድ ዓይነት አይደለም። «ልጄ ጥሩ ልጅ ነው፣ ይሄ አይመለከተኝም» አትበሉኝ፤ ጥሩ ልጅ ነው እኮ ጓደኛውን ብቻህን አትሂድ ብሎ አብሮ የሚሄደው።

እኔ ልጄን ያስጠናሁት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እናንተም በቃላችሁ ያዟቸው። «አይ ዋንት ኤ ሎየር።» «አይ አም ጎይንግ ቱ ስቴይ ሳይለንት።» በትሕትና ይባላል፣ ድምፅ ሳይነሳ፣ ዓይን መሬት ላይ ቢሆንም ግድ የለም። ግን «ሜይቢ» የለበትም፣ «አይ ቲንክ» የለበትም፣ «ካላስቸገርኩ» የለበትም። ከዚያ በኋላ ስለ አየሩም፣ ስለ እግር ኳሱም፣ ስለ ጸሎቱም አይወራም።

እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ወላጆች ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ እስኪመጣም ጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን። ልጁን ራሱን «ምን አሉ?» ብላችሁ አታስተርጉሙት። ስለ ራሱ የተባለውን ለእናቱ ማሳለፍ ያለበት ልጅ ግማሹን ይውጠዋል፣ እናንተም ያልሰማችሁትን ወረቀት ትፈርማላችሁ።